ማክ ላይ ሆምና ኤንድ የት ገቡ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ ቢሮ ውስጥ በዊንዶውስ የአማርኛ ቃለ ጉባኤና ሪፖርት ይጽፋሉ። በቅርቡ ወንድማቸው ከአሜሪካ ማክቡክ አመጣላቸው። «እጄ የለመደው ሁሉ ጠፋብኝ» ይላሉ። «ሆምና ኤንድ የሚባሉ ቁልፎች የሉም። ቃል ለመዝለል ኮንትሮልና ቀስት ስጫን ስክሪኑ በሙሉ ወደ ጎን ይንሸራተታል። አልፎ አልፎ ደግሞ የመሥሪያ ቤታችን ድረ ገጽ ያለበት የሊነክስ ሰርቨር ላይ ገብቼ ፋይል አስተካክላለሁ። እዚያ ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ማውስ ብጫን ከርሰሩ ንቅንቅ አይልም። ሁሉም ጋ የሚሠራ አንድ ዓይነት ሾርትከት የለም ወይ? ከሌለስ የቱን ልያዝ?»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ሁሉም ጋ አንድ የሆነ ሾርትከት የለም። ሁሉም ጋ አንድ የሆነው ርቀቱ ነው። ከርሰር፣ ማለትም ቀጣዩ ፊደል የሚገባበትን ቦታ የሚያሳየው ብልጭ ድርግም የሚለው ሰረዝ፣ የሚጓዘው በአራት ርቀት ነው፤ አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ አንድ መስመር፣ ሙሉው ጽሑፍ። ዊንዶውስም፣ ማክም፣ ሊነክስም አራቱን ያውቋቸዋል። የሚለያዩት የትኛው ቁልፍ የትኛውን ርቀት ይያዝ በሚለው ላይ ነው። እኔ ጸሐፊዎችን ሳሠለጥን የሾርትከት ዝርዝር አላሸመድድም። «አሁን ምን ያህል ነው መሄድ የፈለጉት?» ብዬ ነው የምጠይቀው። ሰው ርቀቱን አስቦ ቁልፉን ከፈለገ ኮምፒውተር ሲቀይር የሚጠፋበት ነገር ትንሽ ነው።

የሚያውቁትን ዊንዶውስ በዚህ ዓይን እንየው። ቀስት ብቻውን አንድ ፊደል ይሄዳል። ኮንትሮል ሲጨመርበት ቃል ይዘላል። ሆም የመስመሩ መጀመሪያ፣ ኤንድ የመስመሩ መጨረሻ ነው። ኮንትሮል + ሆም የጽሑፉ አናት፣ ኮንትሮል + ኤንድ ግርጌው ነው። እዚህ ላይ የኮንትሮልን ሥራ ልብ ይበሉ። ርቀቱን ያሳድገዋል። ፊደሉን ቃል፣ መስመሩን ሙሉ ጽሑፍ ያደርገዋል። ኡቡንቱን የመሰለ የሊነክስ ዴስክቶፕ ላይም ነገሩ ይኸው ነው።

ማክ ይህን ሥራ ለሁለት ቁልፍ አከፋፍሎታል። ኦፕሽን ቃልን ይዟል። ኮማንድ ጫፍን ይዟል። ኦፕሽን + ግራ ወይም ቀኝ ቀስት ቃል በቃል ይዘላል። ኮማንድ + ግራ ቀስት የመስመሩ መጀመሪያ፣ ኮማንድ + ቀኝ ቀስት የመስመሩ መጨረሻ ላይ ያደርሳል። ኮማንድ + ላይ ቀስት የጽሑፉ አናት፣ ኮማንድ + ታች ቀስት ግርጌው ነው። አለቀ። ሆምና ኤንድ የጎደሉት ቀስቶቹ ሥራቸውን ስለወሰዱት ነው።

ስክሪኑ የሚንሸራተተው ደግሞ ምንም ስለተበላሸ አይደለም። ማክ ላይ ኮንትሮል + ግራ ወይም ቀኝ ቀስት ከአንድ ዴስክቶፕ ወደ ሌላው መሻገሪያ ነው። በተቃራኒው ቀስት ይመለሳሉ። ኮንትሮል + ላይ ቀስት የተከፈቱትን መስኮቶች ሁሉ ዘርግቶ ያሳያል። ያው ቁልፍ ሌላ ሥራ ተሰጥቶት ነው።

«ኤፍኤን + ግራ ቀስት ሆም ነው» የሚልዎ ሰው ያጋጥምዎታል። እውነቱን ነው፤ ግን አይደገፉበት። አብዛኞቹ የማክ ፕሮግራሞች ላይ ሆም ከርሰሩን አያንቀሳቅስም። ገጹን ብቻ ወደ አናት ይወስደዋል። ከርሰሩ የነበረበት ይቀራል። አናት ላይ የደረሱ መስሎዎት መጻፍ ሲጀምሩ ጽሑፉ ሦስት ገጽ ታች፣ ከርሰሩ የቆመበት ዓረፍተ ነገር መሀል ይገባል። ዎርድ ይህን ቁልፍ ለብቻው እንደ ዊንዶውሱ ይተረጉመዋል። አብዛኛው ሌላ ፕሮግራም ግን አይተረጉመውም። ስለዚህ ኮማንድ + ቀስትን ይልመዱ።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊ በጣም ወደሚጠቅመው ነጥብ ልምጣ። የውጭ አገር መማሪያዎች ይህን በአንድ መስመር ያልፉታል። ለእኛ ግን ትልቅ ነገር ነው።

የአማርኛ ቃል ረጅም ነው። «ስላልተነገራቸው» አንድ ቃል ነው፤ ዘጠኝ ፊደል ነው። በቀስት ብቻ ለማለፍ ዘጠኝ ጊዜ መጫን፣ በቃል ዝላይ አንዴ። እርማታችን ደግሞ ብዙ ጊዜ በቃሉ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። ከፊት «የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እንጨምራለን። ከኋላ «ን»፣ «ም»፣ «ና» እንጨምራለን። ስለዚህ ከርሰሩ ቃል ሲዘል በየትኛው ጫፍ ላይ እንደሚያርፍ ማወቅ ለእኛ ወሳኝ ነው። ዊንዶውስና ማክ የሚለያዩትም እዚሁ ላይ ነው።

ይህን ዓረፍተ ነገር ይውሰዱ፦ «ኮሚቴው ሰነዱ መርምሮ አጸደቀ።» «ሰነዱ» ላይ «ን» ጎድሏል። ከርሰሩ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ነው እንበል። ማክ ላይ ኦፕሽን + ቀኝ ቀስትን ሁለት ጊዜ ይጫኑ። ከርሰሩ «ሰነዱ» ከሚለው ቃል መጨረሻ ጋር ተጣብቆ ይቆማል። «ን» ይጻፉ፤ አበቃ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል + ቀኝ ቀስትን ሁለት ጊዜ ሲጫኑ ከርሰሩ ባዶውን ቦታም ተሻግሮ «መርምሮ» ፊት ላይ ያርፋል። ዝም ብለው «ን» ከጻፉ «ንመርምሮ» ይሆናል። አንድ ጊዜ ግራ ቀስት ተጭነው መመለስ አለብዎት። ማክ ወደ ቀኝ ሲዘል የቃሉን መጨረሻ ይፈልጋል። ዊንዶውስ የቀጣዩን ቃል መጀመሪያ ይፈልጋል። ሊነክስ ላይ እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል።

ወደ ግራ ሲዘሉ ግን ሁሉም ይስማማሉ። ኮንትሮል + ግራ ቀስትም ሆነ ኦፕሽን + ግራ ቀስት የሚያርፈው የቃሉ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ «የ» ወይም «ለ» መጨመር ሲፈልጉ ቃሉን ትንሽ አልፈው ከቀኝ ወደ ግራ ይምጡበት። ይህ የትም ኮምፒውተር ላይ አያሳፍርዎትም። የቃሉን መጨረሻ ሲፈልጉ ነው ማን ቤት እንዳሉ ማስታወስ ያለብዎት።

ፊደልን በተመለከተም አንድ ነገር ልጨምር። «ሉ» ስንጽፍ ብዙ ጊዜ ሁለት ቁልፍ እንነካለን። ከተጻፈ በኋላ ግን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ለየፊደሉ ቁጥር በሚሰጡበት የጋራ ሥርዓት፣ አንድ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ከነድምፁ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል። ለዚህ ነው ከርሰሩ «ሉ»ን በአንድ እርምጃ የሚያልፈው። «ኢትዮጲያ» ተብሎ የተጻፈውን «ኢትዮጵያ» ለማድረግም «ጲ»ን ሙሉውን አጥፍቶ «ጵ» መጻፍ ነው።

ይህ ነገር አንድ ጠቃሚ መመርመሪያ ይሰጠናል። ብዙ ሰው አራት ነጥብ በመጻፍ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደርድሮ ይጽፋል። በዓይን ሲያዩት አንድ ይመስላል። ከርሰሩን ፊቱ ላይ አቁመው ቀኝ ቀስትን አንድ ጊዜ ይጫኑ። በአንድ እርምጃ ካለፈው ትክክለኛው «።» ነው። መሀሉ ላይ ከቆመ «፡፡» ነው። ከሦስት ሰው የተሰበሰበ ሪፖርት ሲያቀናብሩ ይህን ሳያጣሩ ፍለጋ ወይም መተካት አይጀምሩ። «።» ብለው ሲፈልጉ ግማሹ አይገኝም። መጀመሪያ «፡፡»ን ሁሉ በ«።» ይተኩ።

ቁልፎቹ ለምን እንዲህ ተለያዩ? ታሪኩን ማወቅ ለማስታወስ ይረዳል ብዬ ስለማምን ትንሽ ልቆይበት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

የቢሮዎን ትልቅ ኪቦርድ ቀኝ ጫፍ ይመልከቱ። ቁጥሮቹ ላይ 7 ሥር ሆም፣ 1 ሥር ኤንድ፣ 9 ሥር ፔጅ አፕ፣ 3 ሥር ፔጅ ዳውን ተጽፎ ያገኛሉ። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ 83 ቁልፎች ብቻ ነበሩት። ለቀስት የተለየ ቦታ አልነበረውም። ቀስቶቹም፣ ሆምና ኤንድም ቁጥሮቹ ላይ ተደርበው ነበር። በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ 101 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ሲመጣ ነው የራሳቸውን ቦታ ያገኙት። ዊንዶውስ የተወለደው እነዚህ ቁልፎች ባሉበት ቤት ነው። ስለዚህ ይጠቀምባቸዋል።

ማክ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። በ1984 የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ የቀስት ቁልፍ ጭራሽ አልነበረውም። የተረሳ እንዳይመስልዎት። ሰው ሁሉ ማውስ እንዲለምድ ሆን ተብሎ የተተወ ነበር። ቀስቶቹ የመጡት በ1986 ከማኪንቶሽ ፕላስ ጋር ነው። ሲመጡም ሆምና ኤንድን አስከትለው አልመጡም። ማክ ያሉትን አራት ቀስቶች ከኦፕሽንና ከኮማንድ ጋር እያጣመረ መንገዱን ሠራ።

ሦስተኛው መስመር የተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ የሚጻፍበት የዚያ ጥቁር መስኮት ነው፤ ከሁለቱም ይቀድማል። በ1976 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢማክስ የሚባል የጽሑፍ ማረሚያ ተጀመረ። በዚያው ዓመት በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢል ጆይ ቪአይ የሚባለውን ሌላ ማረሚያ ጻፈ። ቢል ጆይ ይሠራበት የነበረው ተርሚናል፣ ያኔ ስክሪንና ኪቦርድ ያለው መሣሪያ፣ ኤዲኤም 3ኤ ይባላል። ቀስቶቹ የተሳሉት ኤች፣ ጄ፣ ኬ እና ኤል በሚሉት ፊደሎች ላይ ነበር። ቪአይ እስከ ዛሬ ድረስ በእነዚህ አራት ፊደሎች የሚንቀሳቀሰው ለዚህ ነው። ኢማክስ ደግሞ ኮንትሮልን ከፊደል ጋር አጣመረ። ኮንትሮል + ኤ የመስመር መጀመሪያ፣ ኮንትሮል + ኢ የመስመር መጨረሻ። የሊነክስ ተርሚናል ይህንን ወረሰ።

ደስ የሚለው ዜና እዚህ ጋ ነው። ማክም ይህን ውርስ ይዟል። አፕል ኔክስት የተባለውን ኩባንያ ገዝቶ የዛሬውን ማክ ሲስተም በእሱ ላይ ሲገነባ የኢማክስ ቁልፎች አብረው ገቡ። አሁን ማክቡክዎ ላይ ማስታወሻ ይክፈቱና ይሞክሩት። ኮንትሮል + ኤ ወደ መጀመሪያ፣ ኮንትሮል + ኢ ወደ መጨረሻ ይወስድዎታል። ኮንትሮል + ኬ ከከርሰሩ በስተቀኝ ያለውን ቆርጦ ያነሳል። ኮንትሮል + ዋይ የተቆረጠውን መልሶ ያስቀምጣል። እነዚህ አራቱ ሰርቨሩ ላይ ትእዛዝ ሲጽፉም ይሠራሉ። «ሁሉም ጋ የሚሠራ» ላሉት ቅርቡ መልስ ይህ ነው፤ ከሦስቱ ቤት በሁለቱ ይሠራል። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ማክ ላይ ኮንትሮል + ኤ የሚወስደው የአንቀጹ መጀመሪያ ላይ ነው። ኮማንድ + ግራ ቀስት ግን ስክሪኑ ላይ የሚታየው መስመር መጀመሪያ ላይ ያቆማል። ረጅም አንቀጽ ሲጽፉ ልዩነቱን ያዩታል።

ግን ተጠንቀቁ የምለው አለ። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል + ኤ ሁሉንም ምረጥ ማለት ነው። ማክ የለመደ እጅ መስመር መጀመሪያ ልሂድ ብሎ ይህን ተጭኖ አንድ ፊደል ቢጽፍ ሙሉ ቃለ ጉባኤው ይጠፋል። ከደረሰብዎት አይደንግጡ። ሌላ ምንም ሳይነኩ ኮንትሮል + ዜድ ይጫኑ። ይመለሳል።

ሌላም አደጋ አለ። ይህኛው በእኔ የደረሰ ነው። ለአንድ ወር ያህል ማክ ላይ ብቻ ሠርቼ ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩ። ኢንተርኔት ላይ ረጅም ማመልከቻ እየሞላሁ ነበር። የመስመሩ መጀመሪያ ላይ ልሂድ ብዬ እጄ እንደለመደው ከስፔስ አጠገብ ያለውን ቁልፍ ከግራ ቀስት ጋር ተጫነ። ማክ ላይ እዚያ ቦታ ያለው ኮማንድ ነው። ዊንዶውስ ላይ ግን አልት ነው። አልት + ግራ ቀስት ደግሞ ብራውዘር ላይ ወደ ኋላው ገጽ መመለሻ ነው። የጻፍኩት ሁሉ ሄደ። አልት + ቀኝ ቀስት ብዬ ስመለስ ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ረጅም ጽሑፍ በቀጥታ ድረ ገጽ ላይ አልጽፍም። ዎርድ ላይ ጽፌ ነው የምገለብጠው። እርስዎም ሁለቱን ኮምፒውተር እያፈራረቁ ስለሚሠሩ ይህን ልማድ ቢይዙ እመክራለሁ።

ከስፔስ ሁለተኛው ቁልፍ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ። ማክ ላይ ኦፕሽን ነው። ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍ ነው። ቃል ልዝለል ብለው ከግራ ቀስት ጋር ሲጫኑት መስኮቱ ተሰብስቦ የስክሪኑ ግራ ግማሽ ላይ ይለጠፋል። ይህኛው ጉዳት የለውም። የዊንዶውስ ቁልፍ + ቀኝ ቀስት ይመልሰዋል።

ወደ ሺፍት እንምጣ። ሺፍት ዊንዶውስም ማክም ላይ አንድ ሥራ ነው ያለው። ከየትኛውም የመንቀሳቀሻ ቁልፍ ጋር ሲጨመር ከርሰሩ ያለፈበትን ሁሉ ይመርጣል። ኮንትሮል + ሺፍት + ቀኝ ቀስት ቃሉን ይመርጣል። ማክ ላይ ኦፕሽን + ሺፍት + ቀኝ ቀስት። ሺፍት + ኤንድ እስከ መስመሩ መጨረሻ። ማክ ላይ ኮማንድ + ሺፍት + ቀኝ ቀስት። መንቀሳቀሱን ከያዙ መምረጡን በነጻ አገኙት ማለት ነው። በማውስ እየጎተቱ አንድ ፊደል ሲያመልጥዎ እንደገና ከመጀመር ይገላግላል።

ማጥፋትም ርቀቱን ይከተላል። ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል + ባክስፔስ ከከርሰሩ በስተግራ ያለውን ቃል፣ ኮንትሮል + ዲሊት በስተቀኝ ያለውን ቃል ያጠፋል። ማክ ላይ ዲሊት ተብሎ የተጻፈው ቁልፍ የእኛ ባክስፔስ ነው። ኦፕሽን + ዲሊት ቃሉን፣ ኮማንድ + ዲሊት እስከ መስመሩ መጀመሪያ ያለውን ያጠፋል። ወደ ፊት ለማጥፋት ኤፍኤን + ዲሊት ይጫኑ።

ለቃለ ጉባኤ ጸሐፊ አንድ ተጨማሪ ርቀት አለ፤ አንቀጽ። የዊንዶውስ ዎርድ ላይ ኮንትሮል + ላይ ወይም ታች ቀስት ከአንቀጽ አንቀጽ ይዘላል። ማክ ላይ ብዙ ጊዜ ኦፕሽን + ላይ ወይም ታች ቀስት ነው፤ የማክ ዎርድ ላይ ግን ኮማንድ + ላይ ወይም ታች ቀስት ነው ይህን የሚሠራው። አጀንዳዎቹን አንድ በአንድ ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። ዊንዶውስ ላይ ዎርድ ሌላም ውድ ነገር አለው፤ ሺፍት + ኤፍ 5። በመጨረሻ ወዳረሙባቸው ቦታዎች ይመልስዎታል። ትናንት ዘግተውት የሄዱትን ፋይል ዛሬ ከፍተው ወዲያው ከተጫኑት ትናንት ያቆሙበት ላይ ያደርስዎታል። የ60 ገጽ ሪፖርት ይዞ «የት ነበርኩ?» ብሎ መፈለግ ቀረ።

ኤክሴል ብቻውን ሌላ ጠባይ አለው። ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ስም ለማረም ቀስት ሲጫኑ ወደ ሌላ ሳጥን ይሄዳል። መጀመሪያ ኤፍ 2 ይጫኑ። ከዚያ ቀስቱ ሳጥኑ ውስጥ ይንቀሳቀሳል።

አሁን ሰርቨሩ። ጥቁሩ መስኮት ውስጥ ትእዛዝ ሲጽፉ ማውስ ከርሰሩን የማያንቀሳቅሰው ተርሚናሉ የተሠራበት ዘመን ማውስ ስለማያውቅ ነው። ስለዚህ እዚያ ቁልፍ የግድ ነው። ኮንትሮል + ኤ እና ኮንትሮል + ኢን አይተናል። ቃል ለመዝለል አልት + ቢ ወደ ኋላ፣ አልት + ኤፍ ወደ ፊት ነው። ከማክ ሆነው ሰርቨሩ ላይ ሲገቡ አልት ላይሠራ ይችላል። ያኔ ኢስኬፕን ተጭነው ይልቀቁና ቢ ወይም ኤፍ ይጫኑ። ኮንትሮል + ደብልዩ ከኋላ ያለውን ቃል ያጠፋል። ኮንትሮል + ዩ እስከ መስመሩ መጀመሪያ ያለውን ያጠፋል፤ የይለፍ ቃል ተሳስተው ሲጽፉ በጣም ይጠቅማል። ድሮ የጻፉትን ትእዛዝ ለማግኘት ኮንትሮል + አር ይጫኑና ከትእዛዙ ጥቂት ፊደል ይጻፉ።

እዚያ ሰርቨር ላይ አንድ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል። ዎርድ የለመደ እጅ ፋይሉን ላስቀምጥ ብሎ ኮንትሮል + ኤስ ይጫናል። ብዙ ጊዜ ተርሚናሉ ድርቅ ይላል። ምንም ቢጽፉ አይታይም። ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ አይደለም። ኮንትሮል + ኤስ ከድሮ ጀምሮ «ማሳየት አቁም» ማለት ነው። ኮንትሮል + ኪው ሲጫኑ ይቀጥላል። መስኮቱን ዘግተው ያልተቀመጠ ሥራ ያጡ ሰዎች ስላየሁ ነው አጥብቄ የምነግርዎ።

ፋይል ሲያርሙ ናኖ የሚባለውን ከተጠቀሙ ኮንትሮል + ኤ እና ኮንትሮል + ኢ እዚያም አሉ። ቪአይ ከተከፈተብዎ ግን መጀመሪያ ኪቦርድዎን ወደ እንግሊዝኛ ይቀይሩ። ትእዛዞቹ የላቲን ፊደል ናቸው። አማርኛው በርቶ ከሆነ ጄ ሲጫኑ «ጅ» ነው የሚሄደው፤ ቪአይ አይገባውም። ቀደም ሲል ያነሳነውን የቃል መጀመሪያና መጨረሻ ጉዳይ ቪአይ ገና ድሮ ነው የፈታው። ደብልዩ የቀጣዩ ቃል መጀመሪያ፣ ኢ የቃሉ መጨረሻ፣ ቢ ወደ ኋላ። ሁለቱንም ሰጥቶ ምርጫውን ለጸሐፊው ተወ። ሌሎቹ ይህን አለመከተላቸው ሁሌም ይቆጨኛል።

ውጭ ሆነው ለሚጽፉ አንድ ማስጠንቀቂያ ልተው። ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ያለ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ የዓረብኛ ወይም የዕብራይስጥ ኪቦርድ ተጭኖበታል። እዚያ ላይ ኮንትሮልን ከቀኙ ሺፍት ጋር ተጭነው ከለቀቁ አንቀጹ አቅጣጫውን ቀይሮ ከቀኝ ይጀምራል። አራት ነጥቡ ወደ ግራ ጫፍ ይሄዳል። ኮንትሮልን ከግራው ሺፍት ጋር ተጭነው ይልቀቁ፤ ይስተካከላል። ቃል ለመምረጥ የግራውን ሺፍት ብቻ መጠቀም ይሻላል።

«ማክቡኩን እንደ ዊንዶውስ እንዲሠራ መቀየር አይቻልም?» ይሉኝ ይሆናል። ይቻላል። ካራቢነር የመሰሉ ፕሮግራሞች አሉ። እኔ አልመክርም። የራስዎን ማሽን ብቻ የሚያውቅ እጅ ያሠለጥናሉ። ነገ የባልደረባዎ ማክ ላይ ሲቀመጡ እንደገና ባዶ እጅዎን ነዎት። አንድ ለውጥ ግን ተገቢ ነው። የዊንዶውስ ኪቦርድ ማክ ላይ ከሰኩ አልት ኦፕሽን ይሆናል፣ የዊንዶውስ ቁልፍ ኮማንድ ይሆናል፤ ቦታቸው ከላፕቶፑ ጋር ይገለበጣል። በሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብተው ሁለቱን ያለዋውጧቸው።

ስልክ ላይ ደግሞ አይፎን ከሆነ ስፔሱን ተጭነው ይያዙት። ኪቦርዱ ባዶ ይሆንና ጣትዎ እንደ ማውስ ከርሰሩን ይመራል። አንድሮይድ ላይ የጉግልን ኪቦርድ ከተጠቀሙ ስፔሱ ላይ ጣትዎን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ያንሸራትቱ። ተጭነው ከቆዩ ግን የቋንቋ መምረጫው ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ እንደነኩ ያንሸራትቱ።

«የቱን ልያዝ?» ላሉት እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያው ሳምንት ማክቡኩ ላይ ሁለት ብቻ፤ ኦፕሽን + ቀስት እና ኮማንድ + ቀስት። ሰርቨሩ ላይ ሦስት፤ ኮንትሮል + ኤ፣ ኮንትሮል + ኢ፣ ኮንትሮል + ደብልዩ። በትንሽ ወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጥፉ። ከዚያ አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ ኮፒ አድርገው ይክፈቱና ማውሱን ሳይነኩ ለሩብ ሰዓት ያርሙት። በየዓረፍተ ነገሩ አንድ ቃል ላይ «ን» ይጨምሩ፣ መልሰው ያጥፉ። በማግስቱ ይህንኑ ሺፍትን ጨምረው ይድገሙት። ወረቀቱን ማየት ሲያቆሙ ያንሱትና ቀጣዮቹን ሁለት ይጻፉበት።